ከሰንበቴ የወረደው ወሬ

ጅቡቲ፣ ጥር 12 ቀን 1970 ዓ.ም.

ቢስሚላሂ ረህማኒ ረሂም።

ይድረስ ለአጎቴ ለአብዱልጀሊል፣ ከሚሴ።

አሰላሙ ዐለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። ጉልበትዎ እንዴት ከረመ? እናቴ መሪየምስ? ዐይኗ ተሻላት ወይስ አሁንም ግድግዳ እየዳበሰች ነው የምትሄድ? እኔን ካሉ፣ የዚህ አገር ሙቀት ከማክሳቱ በቀር አላህ አልጎዳኝም። ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ የወደብ ሠራተኞችን ልብስ እያጠብኩ አድራለሁ።

የዘገየሁት ወድጄ አይደለም። በጦርነቱ ምክንያት ባቡሩ ቆሟል። በፖስታ የሚሄደውም ተከፍቶ ይነበባል ይሉናል። ስለዚህ ይህን ለሰንበቴው ወዳጅዎ ለሁመድ ያዮ አማች ሰጠሁት፤ ግመል እየነዳ በአውሳ በኩል ይወጣል። አፋር አደራ አይበላም ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።

የምጽፈው ስለ ወንድሜ ስለ ሙሳ ነው። ከመስከረም ወዲህ አንድ መስመር አልጻፈልኝም። እሱ እኮ ወረቀት ካገኘ የጎረቤቱ ላም ምን ወለደች፣ ቀለሟ ምን ነበር ሳይል የማያልፍ ልጅ ነው። መምህር ሆኖ ኮራ እንዳልል ጠባዩ አይደለም። የሚሰማው ደግሞ ጥሩ አይደለም፤ ከኮምቦልቻ የመጣች ሴት ስለ ወጣቶቹ የነገረችን ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል።

በዚህ ደብዳቤ መልስ ላይ ራሱ በእጁ ይጻፍበት። ብዙ አልፈልግም፤ «አለሁ» ብቻ ይበል።

እናቴን ጉልበቷን ይሳሙልኝ። ዱዓችሁ አይለየኝ።

ቶይባ


ከሚሴ፣ መጋቢት 20 ቀን 1970 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለቶይባ።

የአላህ ሰላምና በረከት ባለሽበት ይውረድ። ደብዳቤሽ የካቲት መጨረሻ ላይ ደርሶኛል። መልሱን ያቆየሁት ሰው አጥቼ ነው።

እናትሽ አለች። ዐይኗ እንደዚያው ነው፤ ምግብ ግን ቀንሳለች። ጨፋ ሜዳ ላይ ዘንድሮ ማሽላው ደህና ነበር፤ የቦርከና ወንዝ ሞልቶ ጥቂት ከብት ወሰደብን እንጂ። እኔም በሬ እየገዛሁ እየሸጥኩ እኖራለሁ።

ልጅ ሳለሽ ሰንበቴ ገበያ ስወስድሽ፣ አፋሮቹ ግመላቸውን አስረው ግራር ሥር ሲቀመጡ «ምንድነው እንዲህ በዝግታ የሚያወሩት?» ብለሽኝ ነበር። ዳጉ ነው። ሁለት አፋር መንገድ ላይ ከተገናኙ ወሬ ሳይለዋወጡ አይተላለፉም። ምን አየህ? ምን ሰማህ? ከማን? መቼ? የሰማውን ለሚቀጥለው ያደርሳል፤ የሚቀጥለውም እንዲሁ። አለቃ የለው፣ ጽሕፈት ቤት የለው፤ አውሳ የዘነበ ዝናብ በሦስት ቀን ሰንበቴ ይሰማል። በዳጉ የዋሸ ሰው ከነሱ ዘንድ ሰው አይባልም። ዛሬ ዛሬ ቁጭ ብዬ ሳያቸው እቀናለሁ። እኛ ጋ በሳምንት ሁለት ቀን ስብሰባ ነው፤ አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ያጨበጭባል፣ ያላጨበጨበውን የሚቆጥር ደግሞ ከኋላ ይቀመጣል።

ሙሳ ከሚሴ የለም። ኅዳር ላይ ወደ ደሴ ወስደውታል። ከዚህ በላይ በወረቀት አልልሽም። ወሬ ከፈለግሽ እዚያው ያሉትን አፋሮች አድምጪ።

አብሽሪ። አላህ ያውቃል።

አጎትሽ አብዱልጀሊል


ጅቡቲ፣ ሰኔ 8 ቀን 1970 ዓ.ም.

አልሀምዱሊላህ! አልሀምዱሊላህ! አጎቴ፣ ሰላምታውን ኋላ ያደርሱልኛል፤ ሙሳ አለ!

ግንቦት መግቢያ ላይ ልብስ ሳሰጣ አንድ የአውሳ አፋር አጥሩ ጋ ቆሞ «የከሚሴዋ ቶይባ አንቺ ነሽ?» አለኝ። «ወንድምሽ ከደሴ እስር አምልጦ አዋሽን ተሻግሯል። ከኛ ሰዎች ጋር ወደዚህ ወደ ዲኪል እየወረደ ነው።» እርጥቡ አንሶላ ከእጄ አፈር ላይ ወደቀ፤ ሳላነሳው ሻይ ቤት ሮጥኩ።

ሻይ ቤቷን አያውቋትም። የከሚሴ፣ የባቲ፣ የሐርቡ ሰው አሥር ሰዓት ሲሆን እዚያ ይሰበሰባል። አንዱ ያመጣውን ሌላው ይቀበላል፣ ይጨምርበታል፣ ይጣላበታል፤ ማንም ማንንም ዝም አያሰኝም። በሳምንቱ ጎረቤቴ ዘምዘም ከጭነት መኪና ነጂ ባሏ ሰምታ መጣች፦ ሙሳ ዲኪል ገብቷል፣ እግሩ ትንሽ ያነክሳል። ቀጥሎ ከአሳል ሐይቅ የመጣ ጨው ጫኝ፦ ሙሳ ጨው ይሠራል፣ ከሱ ጋር ያመለጡ አምስት ልጆች አሉ፣ አንደኛው የዘምዘም ወንድም ነው። ዘምዘም እየጮኸች መሬት ላይ ተቀመጠች። ሦስት ሰው፣ አጎቴ! ሦስት ሰው ከሦስት አቅጣጫ!

አንድ ሰው ብቻ ደስታችንን አበላሸብን። እንድሪስ የሚባል የባቲ ሽማግሌ ነው፤ መርከብ ላይ ወጥ ቤት ነበር። ሁላችንም አላህን ስናመሰግን ብርጭቆውን አስቀምጦ «በዐይኑ ያየው ማነው?» አለ።

«ሦስት ሰው ነግሯታል አይደለም እንዴ?» አለችው ዘምዘም።

«ነግሯታል። እኔ ያልኩት ያየው ማነው ነው።»

አንዱ ከጥግ «የደርግ ጆሮ!» አለው። በማግስቱ ሌላው «እኔም ድሮ ጠርጥሬው ነበር» አለ። ሳምንት ሳይሞላ ወንድሙ ከሚሴ ቀበሌ እንደሚሠራ፣ ሙሳንም የጠቆመው ይኸው ወንድም እንደሆነ የማያውቅ ሰው ጠፋ። አሁን ሻዩን ብቻውን ይጠጣል፤ የሚያሳድሩትም ሰዎች ፍራሹን አውጥተውበታል። እኔም ሰላም አልለውም። ምን ላድርግ፣ ተናደድኩ።

አጎቴ፣ ወንድሜን የጠቆመው ማነው? እርስዎ ሳያውቁ አይቀሩም። ስሙን ብቻ ይላኩልኝ።

ለእናቴ ይህን ሁሉ ያንብቡላት። የእግሩን ነገር ግን ይዝለሉት።

ቶይባ


ከሚሴ፣ መስከረም 30 ቀን 1971 ዓ.ም.

ለቶይባ፣ ሰላሙ ይድረስሽ።

ደብዳቤሽን ለእናትሽ ሁለት ጊዜ አነበብኩላት። ሦስተኛ ጊዜ አንብብልኝ ብላ ስትለምነኝ ዐይኔን አሞኛል ብዬ ወጣሁ። «ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ልጄ» እያለች ውላ አደረች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ትበላለች። ግድግዳውን ይዛ በር ድረስ ወጥታ ፀሐይ ትሞቃለች። ለሚያልፍ ሁሉ ትነግራለች፤ ዝም በይ ብላት አልሰማ አለችኝ።

አሁን የምልሽን ስሚ። ዲኪል አትሂጂ። አሳልም አትሂጂ። የሸሸ ሰው እንዲፈልጉት አይወድም። ወሬውን እንደ ወሬ ተይው፤ ሲሆን ራሱ ይመጣል። ከእንግዲህም አፋሮቹን ብዙ አትጠይቂ።

ከሚሴ ቀበሌ ውስጥ ወንድም ያለው የባቲ ሰው የለም። እንድሪስ የሚባል ሰውም አላውቅም። ሽማግሌውን ተዉት። ያወጡበትን ፍራሽ ይመልሱለት፤ ሰላምም በይው፤ እኔ ነኝ ያልኩሽ።

ስለ ጠቋሚው እኔን አትጠይቂኝ።

ስኳር ወይም ሻማ ላኪልኝ ብዬ ነበር ባለፈው ለመልእክተኛው፤ እሱንም ተይው።

አብዱልጀሊል


ጅቡቲ፣ ጥር 25 ቀን 1971 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለአብዱልጀሊል።

አሰላሙ ዐለይኩም። ደብዳቤዎ የደረሰኝ ታኅሣሥ መጨረሻ ነው። እንድሪስ ከተወሰደ አሥራ ሁለት ቀን ሆኖት ነበር።

እዚህ የመኖሪያ ወረቀት የሌለውን ሰው እያፈሱ በመኪና ወደ ድንበር ይወስዳሉ። እኛ የአንድ አገር ሰዎች እንዲህ ሲሆን አንዱ ሌላውን ይሸሽጋል፣ ወይም «ዘመዴ ነው፣ የምሠራበት ቤት ነው የሚሠራ» ብሎ ያስጥላል። እንድሪስ ደጅ ያድር ስለነበር ማለዳ በመጀመሪያ የተያዘው እሱ ነው። ፖሊሱ ሻይ ቤቷ በር ላይ አቁሞት «ይህን ሰው የሚያውቅ አለ?» አለ። ውስጥ ሃያ ሰው ነበርን። እንድሪስ አንድ በአንድ አየን። ዘምዘም ወደ ምድጃው ዞረች። እኔ ደግሞ ብርጭቆዬን አየሁ። ወሰዱት።

የርስዎ ደብዳቤ «ሽማግሌውን ተዉት» ይላል። ከሁለት ሳምንት በፊት ቢደርስ ኖሮ እላለሁ። ግን ቢደርስም አላውቅም፣ አጎቴ።

ከዚያ በኋላ ጥያቄው ከልቤ አልወጣ አለኝ። በዐይኑ ያየው ማነው? ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ቃልዎን ጥሼ ዲኪል ሄድኩ። አፋሮቹ ጋ ተቀመጥኩ። እንደ ወጉ ጠየቅኋቸው፤ እንደ ወጉ መለሱልኝ። ጨው ጫኙ ከዲኪሉ ሰው ሰማሁ አለ። የዘምዘም ባልም የሰማው ከዚሁ ከዲኪሉ ሰው ነው። ያ መጀመሪያ አጥሬ ጋ የቆመው የአውሳው ሰውና የዲኪሉ ሰው ደግሞ ሁለቱም አሳይታ ውስጥ ከአንድ ሰው አፍ ነው የሰሙት። የሚያነክሰውን እግርና አምስቱን ልጆች ማን እንደጨመረ የሚያውቅ የለም። ሦስት ሰው ብዬ የጮህኩት አንድ ሰው ነበር።

ለአሳይታው ሰው ደግሞ በዳጉ አስጠየቅሁ። መልሱ በስምንተኛው ቀን መጣ፤ ስሙንም ቀኑንም ሳያጓድሉ። «ከሁመድ ያዮ ነው የሰማሁት፣ ሰንበቴ ገበያ፣ የካቲት ላይ።»

«ሁመድስ ከማን ሰማ?» አልኩት መልሱን ያመጣልኝን ሰው።

«ከአጎትሽ» አለኝ።

አጎቴ፣ እርስዎስ ከማን ሰሙ?

ቶይባ


ከሚሴ፣ ነሐሴ 3 ቀን 1971 ዓ.ም.

ለቶይባ።

ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። እናትሽ ሰኔ 15 ቀን ወደ አኼራ ሄዳለች። ከጁምዓ ሰላት በኋላ ቀበርናት፤ ሕዝቡ ብዙ ነበር። እስከ መጨረሻው ሰዓት «ሙሳ ሲመጣ ቤቱን ሣር አልብሱት» ትል ነበር። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልሽ እሷ በሕይወት እያለች እጄ እምቢ ስላለኝ ነው።

ሙሳ ሞቷል። ኅዳር 28 ቀን 1970 ዓ.ም.፣ ሐርቡ ሳይደረስ፣ መንገድ ዳር። ደሴ አልደረሰም።

በሬ ልገዛ ስሄድ ነው ያገኘሁት። ከመኪና ወርዳችሁ እዩ አሉን፤ ሬሳዎቹ ሰባት ነበሩ። ሦስተኛው እሱ ነው። ሸሚዙን እኔ ነኝ የገዛሁለት። የታጠቀው ሰውዬ ፊታችንን እያየ ያልፍ ነበር፤ የሚያለቅስ ካለ ሊይዝ። እኔ ጋ ሲደርስ «ታውቀዋለህ?» አለኝ።

«አላውቀውም» አልኩ።

መኪና ላይ ወጣሁ። በሬውንም ገዛሁ፣ ቶይባ። ሌላ ምን እንደማደርግ አላወቅሁም።

ቤት ስገባ እናትሽ «ከደሴ ምን ሰማህ?» አለች። በማግስቱም። በየቀኑ። መብላት አቆመች። በሦስተኛው ወር አጥንቷ ሲታየኝ ሰንበቴ ሄድኩና ሁመድን ግራሩ ሥር አገኘሁት። ሃያ ዓመት አንድ ቃል ዋሽቶኝ፣ ዋሽቼው አላውቅም። «ሙሳ አምልጦ ተሻግሯል» አልኩት።

«አየኸው?»

«አየሁት።»

«በዐይንህ?»

«ወላሂ፣ በዐይኔ።»

ያሰብኩት ለእሷ ዞሮ እንዲመጣላት ብቻ ነው። ከኔ አፍ ብትሰማው አታምንም፤ ፊቴን ባታይም ድምፄን ታውቃለች። ከአፋር አፍ ከሰማችው ታምናለች። አንቺ ጋ መድረሱን አስቤ ነበር፤ ለሷ ስትጽፊላት ይረዳል አልኩ። ከዚያ ወዲያ የሚሄድበትን አላሰብኩም። ባለፈው ዓመት በሰኔ ወር አንድ ፈጽሞ የማላውቀው የቆላ ሰው ጨፋ ሮቢት ገበያ ላይ ሰላም ብሎኝ «የከሚሴው ሙሳ አሳል ላይ ጨው ይሠራል፣ እግሩን ያነክሳል» አለኝ። አላህ ይቅር ይበለኝና፣ እግሩን እንዴት ሆነ ብዬ ጠየቅሁት።

ያንቺ ጥያቄ በዳጉ ሲወጣ ሁመድ ጋ ደረሰ። መጣ። ቤቴ አልገባም፣ ደጅ ቆሞ ነው የጠየቀኝ። እውነቱን ነገርኩት። «እንግዲህ መልስልኝ፣ ውሸት ነበር በልልኝ» አልኩት።

«እላለሁ» አለኝ። «ግን ያኛው አንድ ዓመት ቀድሞ ወጥቷል። እስካሁን ስንት ሰው ጋ እንደደረሰ አንተም አታውቅ፣ እኔም አላውቅ።»

አሁን ሰንበቴ ስሄድ አፋሮቹ ይነሡልኛል፣ እጄን ይስማሉ፣ ያስቀምጡኛል። ከዚያ ዝም ይላሉ። እስክሄድ ድረስ ዝም ነው። ደብዳቤ ግን ይወስዱልኛል፤ አደራ ሌላ ነው አለኝ ሁመድ።

ይህ ነው።

አብዱልጀሊል


ጅቡቲ፣ ኅዳር 14 ቀን 1972 ዓ.ም.

አብዱልጀሊል፣

ደብዳቤህን መስከረም ላይ አገኘሁት። የእናቴንና የወንድሜን ለቅሶ በአንድ ቀን ተቀመጥኩ። ለእናቴ ሰው መጣ። ለሙሳ አልመጣም፤ አልሞተማ።

አሥር ሰዓት ላይ ሻይ ቤት ገብቼ ቆምኩ። «ሙሳ ከሁለት ዓመት በፊት ሞቷል፤ ያየው ሰው ጽፎልኛል። ወሬውን ያወጣው አጎቴ ነው» አልኩ። ከዚያ አንዱ «አስፈራርተው ነው ያጻፉት» አለ። ሌላው «የሌላ ሰው ሬሳ እሱን መስሎት ይሆናላ፣ ደንግጦ» አለ። ሌላው ደግሞ ባለፈው ወር ሙሳን ያየ ሰው እንዳየ ተናገረ። ማለቂያ የለውም።

ዘምዘም ግን ወደኔ መጣችና «ወንድሜስ?» አለችኝ።

«ዘምዘም፣ አምስቱ ልጆች የሉም። የሆነ ሰው የጨመራቸው ናቸው።»

«ለምን ትይኛለሽ?» አለች። «የራስሽን ግደይ፤ የኔን ለምን ትገድይብኛለሽ?» በጥፊ መታችኝ። ማንም አልገላገለን። ከዚያ ወዲህ ስገባ ወንበር ይጠባል። ልብስ የሚያሳጥቡኝ ሰዎችም ቀንሰዋል። በሆዴ «የደርግ ጆሮ» የሚሉኝ መቼ ነው እያልኩ እጠብቃለሁ።

ስለ እንድሪስ በዳጉ አስጠይቄ ነበር። ድንበር ላይ ካወረዱት በኋላ ብቻውን በእግሩ ወደ ሎግያ መንገድ ጀመረ አሉ። ውሃ የሰጠው አንድ እረኛ አለ። ከሱ ወዲያ ያየው የለም።

አንተ ስትዋሽ እናቴን ልታኖር ነው፤ አንድ ዓመት ያህል አኖርካት፣ አልክድም። ለዚያ ነገር ልረግምህ ተነሥቼ ቃሉ አፌ ውስጥ ቀረ፤ እኔም ብርጭቆ አይቻለሁና። ግን አንድ ነገር ጠይቄህ ሁለት ጊዜ ዘለልከው። እኛ እዚህ ለወንድሜ ጠቋሚ ፈጥረን አንድ ሽማግሌ በላንበት። እውነተኛው ማነው? «አላውቅም» እንዳትለኝ። ባታውቅ ኖሮ «አላውቅም» ነበር የምትለኝ፤ አንተ ግን ያልከኝ «አትጠይቂኝ» ነው።

ቶይባ


ከሚሴ፣ ጥር 9 ቀን 1972 ዓ.ም.

ለቶይባ።

ሰላም ብል የምትቀበይኝ አይመስለኝም።

ሙሳን የጠቆመው የለም። ጥቅምት ላይ ስሙ ከተፈላጊዎቹ ጋር ስብሰባ ላይ ሲነበብ ጨፋ ውስጥ፣ ማሽላው መሐል፣ የማሳ ጠባቂ ጎጆ ውስጥ ደበቅሁት። ምግብ የማደርስለት እኔ ነኝ፤ ያለበትን የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ። ከዚያ በድምፅ ማጉያ ለፈፉ፤ በገዛ ፈቃዱ እጁን የሰጠ አይነካም፣ ቃሉን ሰጥቶ ቤቱ ይገባል። ማሽላው ሊታጨድ ነው፤ ከዚያ ወዲያ የት እደብቀዋለሁ? ሦስት ቀን ተመላልሼ ለመንኩት።

«አጎቴ፣ ታምናቸዋለህ?» አለኝ።

«የቀበሌውን ሊቀመንበር አውቀዋለሁ» አልኩት። «ከኔ በሬ ገዝቷል። ሲከፍል አላጭበረበረኝም።»

ሳቀ። በበሬ መሆኑ አሳቀው። ከዚያ እሺ አለኝ።

ቦርከና ወርዶ ገላውን ታጠበ። ያን ሸሚዝ አለበስኩት። የአስርን ሰላት አብረን ሰግደን ወደ ከተማ ገባን፤ መንገድ ላይ ስለ ተማሪዎቹ ያወራኝ ነበር፤ አንዲት አሮጊት ስሟን መጻፍ ችላ ስታለቅስ ስለማየቱ። ቀበሌው በር ላይ ሲደርስ እጁ ቀዘቀዘ፤ ይዤው ስለነበር አውቃለሁ። አልለቀቅሁትም። እስከ ውስጥ ድረስ አልለቀቅሁትም።

ስሙን መዘገቡ። ለኔ ወንበር ሰጡኝ፣ ሻይ አመጡልኝ። ሊቀመንበሩ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ እንዲህ ያለ አጎት ለሌላው አርአያ ነው አለ። ሙሳን በጓሮ በር ይዘውት ሲወጡ ዞሮ አየኝ። ነገ ጠዋት ይመለሳል አሉኝ።

ተነሥቼ አንድ በአንድ እጃቸውን ጨበጥኩ። አመስግኛቸው ወጣሁ።

አብዱልጀሊል